እንሶስላ፣ የጥላ ጓሮ አበባ

ከሆለታ እስከ ጌዶ በተዘረጉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ጥላ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይቸግራል። በአጥሩ ዳር የፈረንጅ ጥድ ተደርድሯል፤ ከቤቱ ጀርባ ግራቪሊያ ወይም አቮካዶ ቆሟል፤ እንሰት ያለበት ጓሮ ከሆነ ደግሞ ሰፋፊው ቅጠል ከሥሩ ያለውን መሬት ከቀትር ፀሐይ ጋርዶ ይይዘዋል። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተተከሉት ችግኞች የጸደቁት ከፍ እያሉ ሲሄዱ ይህ ጥላ እየሰፋ መምጣቱ አይቀርም። ባለቤቱ አበባ ለመትከል ሲያስብ ግን ዐይኑ የሚያርፈው ፀሐይ በሚመታው የግቢው ፊት ላይ ነው። ጽጌረዳውም ሌላውም እዚያ ይሰለፋል። ከዛፉ ሥር ያለው መሬት የማገዶ መከመሪያ፣ የአሮጌ ቆርቆሮ ማስቀመጫ፣ የዶሮ መዋያ ሆኖ ይቀራል። ጥላ ቦታ አበባ አይወጣበትም የሚለው እምነት ሥር ሰዷል፤ ትክክል ግን አይደለም። ጥላ የሚወዱ አበቦች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ለአምቦና ለአካባቢዋ ከሁሉም የሚስማማው በእነዚሁ ደጋዎች ጫካ ውስጥና በየወንዙ ዳር በራሱ የሚበቅለው እንሶስላ ነው። ወደ ግቢ ቢገባ ግቢው ያምራል፤ ተክሉም በየዓመቱ ከሚደርስበት ቁፋሮ ፋታ ያገኛል።

እንሶስላን የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ብዙው ሰው የሚያውቀው ግን ሥሩን ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ከሁሉም በላይ ለሠርግ ሴቶች እንሶስላ ይሞቃሉ። ድንች መሰሉ ሥር ከገበያ ተገዝቶ ወይም ከወንዝ ዳር ተቆፍሮ ይመጣል፤ ታጥቦና ተልጦ በሙቀጫ ይወቀጣል። የላመው ሥር በጥፍር፣ በመዳፍና በእግር ላይ ይለጠፋል፤ በቅጠል ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ ይታደራል። ጧት ሲፈታ ቆዳው ቀይ፣ ሲደጋገም ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀለም ይዞ ይገኛል፤ ለሳምንታትም አይለቅም። ከጌጥነቱ ሌላ ተረከዝን ያጠነክራል፣ በእግር ጣቶች መካከል የሚወጣውን ቁስል ያደርቃል ተብሎ ይታመናል። ኦሮምኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም ይህን ልማድ እኩል ይጋራል። ይሁን እንጂ ከገበያ መደብ ላይ ሥሩን መርጣ የምትገዛ ሴት ሁሉ የተክሉን አበባ አይታለች ማለት አይደለም። ሥሩ ገበያ የሚደርሰው አገዳው ተቆርጦ፣ ቅጠሉ ተጥሎ ነውና። የአንድን ተክል ጥቅም አጥብቆ እያወቁ መልኩን አለማወቅ የሚቻለው እንዲህ ባለ ሁኔታ ነው፤ እንሶስላን ከጓሮ አበቦች ተርታ ያላስገባው ዋናው ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል።

መልኩ ደግሞ ሊታይ የሚገባው ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኢምፔሸንስ ቲንክቶሪያ ይባላል፤ ባልሳሚናሴ ከሚባለው የዕፅዋት ቤተሰብ ነው። ስሙን ያገኘው ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር እ.ኤ.አ. ከ1847 ጀምሮ ባሳተመው የሐበሻ ዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ ከመሬት በታች ካለው ሥር ወፍራም፣ ውኃ የቋጠረ፣ በጣት ቢጫኑት የሚሰበር አገዳ ይወጣል። በተመቸው ቦታ ከሰው ቁመት በላይ ይደርሳል። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ጠርዙም እንደ መጋዝ የተከረከረ ነው። አበባው ከቅጠሉ መካከል በሚወጣ ረጅም ዘንግ ላይ ሆኖ ወደ ጎን ያዘነብላል። ከፊት ሲያዩት ሁለት ሰፋፊ ነጭ ክንፎች ወደ ታች ተዘርግተዋል፤ ከመካከላቸው፣ ከጉሮሮው አጠገብ፣ ሐምራዊ ቀለም ነጥብ ነጥብ ሆኖ ወይም እንደፈሰሰ ሆኖ ይታያል። ከኋላ ዞረው ሲያዩት ደግሞ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ጭራ አለው። ይህ ጭራ ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ ነው፤ የአበባው ወለላ የሚጠራቀመው ከጫፉ ላይ ነው። ቀን ላይ ሽታው እምብዛም ነው። ሲመሽ ግን ጥሩ መዓዛ ይሰጣል።

ነጭነቱ፣ የማታ መዓዛውና የጭራው ርዝመት የተገናኙት ያለ ምክንያት አይደለም። ንብ እስከ ረጅሙ ጭራ ጫፍ ድረስ የሚዘልቅ ምላስ የላትም። ያ ወለላ የተዘጋጀው ለሌላ እንግዳ ነው፤ ሲመሽ ወጥቶ ሳያርፍ በአየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ የሚመገበው፣ ምላሱ እንደ ጥቅል ክር የሚተረተረው ትልቁ የእሳት ራት። ነጭ ቀለም በጨለማ ጎልቶ ይታየዋል፤ መዓዛው ከሩቅ ይጠራዋል፤ ምላሱን ወደ ጭራው ሲሰድ ራሱ ከአበባው ጉሮሮ ጋር ይነካካል፤ የአበባ ዱቄት ይዞም ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በአውሮፓና በአሜሪካ የጥላ ጓሮዎች እጅግ የሚወደደው አኩሊጂያ የተባለው አበባ ለዚሁ ችግር ተመሳሳይ መልስ አግኝቷል። እሱ ከእንሶስላ ጋር በቤተሰብ አይገናኝም፤ ጭራዎቹም አምስት ናቸው። በሰሜን አሜሪካ አኩሊጂያዎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የጭራው ርዝመት የጨመረው አበባው ከንብ ወደ ሐሚንግበርድ ወፍ፣ ከወፉም ወደ ትልቁ የእሳት ራት ጎብኚውን በቀየረ ቁጥር ነው። ሁለት የማይዛመዱ አበቦች፣ አንዱ ከሮኪ ተራሮች፣ አንዱ ከምዕራብ ሸዋ ወንዝ ዳር፣ ለአንድ ዓይነት የሌሊት ጎብኚ አንድ ዓይነት ረጅም ቱቦ ሠሩ።

ታዲያ ለምን ያንኑ ታዋቂውን አኩሊጂያ አናመጣም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ዘሩ በፖስታ ይመጣል፣ ቀለሙም ብዙ ነው። ጥያቄው አግባብ አለው፤ መልሱ በአየሩ ጠባይ ላይ ነው። አኩሊጂያ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የቀዝቃዛ አገር ተክል ነው። የብዙዎቹ ዓይነቶች ዘር ለመብቀል ለሳምንታት እርጥበት ያለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት ይፈልጋል፤ ቡቃያውም በሚቀጥለው ዓመት እንዲያብብ የክረምት ብርድ ያስፈልገዋል። ብርዱ የተክሉ የዘመን መቁጠሪያ ነው። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም እንዲህ ያለ ረጅም ብርድ የላትም፤ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ሌሊት መጥቶ ጧት ይሄዳል። ዘሩን በማቀዝቀዣ አስተኝቶ ማብቀል የሚችል ትጉህ አትክልተኛ አይጠፋም፤ በየዓመቱ በአስተማማኝ ሁኔታ እንዲያብብለት መጠበቅ ግን ከባድ ነው። የእንሶስላ መቁጠሪያ ዝናብ ነው። የዚህን አገር ክረምትና በጋ ተከትሎ የሚነሣና የሚተኛ ስለሆነ ማንም ሰው ሠራሽ ብርድ ሊያበጅለት አይገደድም።

ጥላ ሲባል ግን ሁሉም ጥላ አንድ አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የባሕር ዛፍ ጥላ ለእንሶስላ አይሆንም። ምኒልክ የማገዶ እጥረት ቢያስቸግራቸው ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው እንደነበር፣ አዲስ አበባን ከመነቀል ያዳናትም ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ እንደሆነ ይታወቃል። ያው ውለታ የዋለልን ዛፍ በላይኛው አፈር ውስጥ ሥሩን ዘርግቶ ውኃውን ይሻማል። ከሥሩ ያለው ጥላ ደረቅ ጥላ ነው። የፈረንጅ ጥድ አጥርም በጣም ከተጠጉት እንዲሁ ነው። እንሶስላ የሚፈልገው እርጥብ ጥላ ነው፤ ማለትም ብርሃን ተጣርቶ የሚገባበት፣ የረገፈ ቅጠል የበሰበሰበት፣ አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ የሚቀዘቅዝ ቦታ። የአቮካዶ፣ የዋንዛ፣ የብሳና ጥላ ይስማማዋል። በተለይ የእንሰት ጓሮ በሚገባ ይመቸዋል፤ እንሰት ከዓመት ዓመት ፍግ ስለሚደረግለት አፈሩ የለማ ነው፤ ቅጠሉም ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ከአምቦ በስተ ደቡብ ወደ ወንጪ በሚወጣው መንገድ ዳርና ዳር ባለው ደጋ እንሰት የግቢ ሁሉ መለያ ነውና፣ እዚያ ቦታ ፍለጋ መጨነቅ አያስፈልግም።

ዛፍ በሌለበት ግቢ የግንብ ወይም የቤት ጥላ ይጠቅማል፤ እዚህ ላይ ግን ከውጭ የመጡ የአትክልት መጻሕፍት ያሳስታሉ። አውሮፓዊው መጽሐፍ ወደ ሰሜን የሚያይ ግድግዳ ዓመቱን ሙሉ ጥላ ነው ይላል። ለለንደን እውነት ነው፤ ለአምቦ አይደለም። አምቦ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም ቀትር ላይ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ናት፤ በቀሪው ጊዜ በደቡብ በኩል ትሆናለች። ስለዚህ በክረምት ቀትር ጥላ የሚያገኘው የቤቱ ደቡብ ጎን ነው፤ የሰሜኑ ጎን ጥላ የሚሆነው በበጋ ነው። እንሶስላ የሚያድገው በክረምት፣ የሚተኛው በበጋ ስለሆነ የሚስማማው የደቡቡ ጎን ሆኖ እናገኘዋለን። በበጋ ያ ጎን ፀሐይ ቢመታው ከመሬት በላይ የሚጠወልግ ነገር የለም፤ ሥሩ ከጉዝጓዝ በታች ተኝቷል። መስከረም ላይ አበባው ገና ሳለ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ መሻገር ስትጀምር ደግሞ ገና ከአናት አካባቢ ናት፤ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ ያለው ቤት በራሱ ይከልለዋል። የምሥራቁ ጎንም የጧት ፀሐይ ሰጥቶ የከሰዓቱን ስለሚከለክል ጥሩ ነው። መራቅ ያለበት የምዕራቡ ጎን ነው፤ ዝናብ በዘገየባቸው ቀናት የከሰዓት ፀሐይ ውኃ የቋጠረውን አገዳ አጠውልጎ ይጥለዋል።

አፈሩን በተመለከተ፣ ከአምቦ እስከ ጊንጪ ባለው ሜዳ ጥቁሩ ኮቲቻ ይበዛል። ኮቲቻ ሲረጥብ ያብጣል፣ ውኃውንም ይዞ ይቀራል፤ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የስንዴና የጤፍ ገበሬ በዚህ አፈር ላይ ውኃ ማጠንፈፍ ስንት እንደሚያደክም ያውቃል፤ በጊንጪ ለዓመታት የተካሄደው የጥቁር አፈር ምርምርም በአብዛኛው ሰፊ መደብና ቦይ እየሠሩ ውኃውን ስለማሸሽ ነበር። ለጓሮም ትምህርቱ ያው ነው። የእንሶስላ ሥር እርጥበት ይወዳል፤ ኩሬ ውስጥ ግን ይበሰብሳል። መደቡን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ፣ ግማሹን አፈር፣ ግማሹን የበሰበሰ ቅጠልና ያረጀ ፍግ ማድረግ ይበቃል። በተዳፋቱ ላይ ባለው ቀይ አፈር ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። ትኩስ ፍግ ግን የትም ቦታ ቢሆን ሥሩን ስለሚያቃጥል አይደረግበትም።

ችግኙ ከየት ይምጣ? በሦስት መንገድ ይገኛል። ሥሩን ከፍሎ መትከል አንዱ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቡቃያ የሚያወጣበት ዐይን ሊኖረው ይገባል፤ ጊዜውም የመጀመሪያው ዝናብ ከመጣሉ በፊት ነው። ሁለተኛው አገዳ ቆርጦ መትከል ነው፤ የዚህ ወገን ተክሎች በቀላሉ ሥር ይሰዳሉ፤ በክረምት የተቆረጠ አንድ ስንዝር አገዳ እርጥብ አፈር ውስጥ ቢገባ በጥቂት ሳምንታት ይይዛል። ሦስተኛው ዘር ነው፤ ይህ ራሱ ሊታይ የሚገባው ነገር አለው። የእንሶስላ የዘር ከረጢት ሲበስል ግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ይወጠራል። በዚህ ሰዓት በጣት ጫፍ ነካ ቢያደርጉት በአምስት ሽንሽን ተፈልጦ፣ ሽንሽኖቹ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው፣ ዘሩን ወዲያ ወዲህ ይረጨዋል። ልጆች ይህን ጨዋታ አይጠግቡትም። ዘር ለመሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ከረጢቱ ሳይፈነዳ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ ማሰር አለበት፤ ያለዚያ የሚያገኘው ባዶ ቅርፊት ነው። ከዘር የበቀለው ወፍራም ሥር እስኪያበጅ ከሥር ከተተከለው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

በእንሶስላ ላይ የሚነሣው ጠንካራው ተቃውሞ በበጋ መጥፋቱ ነው። ከኅዳር በኋላ አገዳው ይረግፋል፤ መደቡም ባዶ መሬት ይመስላል። ዓመቱን ሙሉ የሚያብብ ነገር የለመደ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ቢያየው አይፈረድበትም። ነገር ግን የበጋው ወራት በከተሞቻችን ውኃ የሚያጥርበት ጊዜ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ዓመቱን ሙሉ ለምለም የሚሆን ማናቸውም የጥላ አበባ በጥርና በየካቲት ከጀሪካን ውኃ ይጠይቃል፤ ለቤት የሚሆን ውኃ ተጠብቆ በሚቀዳበት ሰፈር ያን ማጠጣት የሚችለው ጥቂት ሰው ነው። እንሶስላ ሰማዩ ሲሰጥ ጠጥቶ፣ ሰማዩ ሲነፍግ ይተኛል። በጋውን ባዶ ላለማድረግ ከጎኑ ቅጠላቸው የማይረግፍ ተክሎችን ማኖር ይቻላል፤ ድርቅ የሚችል ፈርን ወይም ጤና አዳም ከዳር ቢተከል ዐይን የሚያርፍበት ነገር አይጠፋም። የተኛው ሥር ያለበትን ቦታ በእንጨት ምልክት ማድረግ ግን ግድ ነው፤ አለዚያ በበጋ የሚቆፍር ሰው በዶማ ይከፍለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የክብር ጉዳይ ነው። እንሶስላ የወንዝ ዳር የዱር ተክል ነው፣ ግቢ ውስጥ ሲያዩት አረም ይመስላል፣ ረጅም ቅጠላም ነገር ደግሞ እባብ ያስጠጋል ይባላል። የእባቡን ነገር በቸልታ ማለፍ አይገባም፤ ከበሩ አጠገብ ሳይሆን ከመንገድ ራቅ አድርጎ መትከል፣ የታችኛውን ቅጠል መልቀም፣ ሥሩን በሣር አለማስወረር ነው መፍትሔው፤ አገዳው ከታች ባዶ ስለሚሆን ሲጸዳ ውስጡ ይታያል። አረም ነው ለሚለው ግን መልሱ ሌላ ነው። ይኸው ተክል በብሪታንያ ውስጥ የጥላ ጓሮ ባለሙያዎች በገንዘብ የሚገዙት ነው። ለብርዱ አልተፈጠረምና በክረምታቸው ሥሩን በወፍራም ጉዝጓዝ ይሸፍኑታል፤ ብርዱ በሚጠናበት ደግሞ ቆፍረው ቤት ያስገቡታል። የአፍሪካ ኢምፔሸንሶችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1980 ትልቅ መጽሐፍ ያወጣው ክሪስቶፈር ግሬይ ዊልሰንም የዕፅዋት ሊቅ ብቻ ሳይሆን የአትክልት ሥፍራ ሰው ነው። ሆለታ አካባቢ ያሉት የጽጌረዳ እርሻዎች በላስቲክ ቤት ውስጥ ለአውሮፓ ገበያ የሚያመርቱት አበባ መነሻው ከሌላ አገር ነው፤ ሥራና የውጭ ምንዛሪ አምጥቷል፣ የሚነቀፍ አይደለም። ግን አንድ ዞን ለውጭ ሰው የውጭ አበባ እያመረተ የራሱን አበባ አረም ብሎ ሲንቅ ያሳዝናል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይበቅለው፣ የእንሶስላ ዘመድ የሆነው ኢምፔሸንስ ሮታይ ደግሞ ቀይ አበባ አለው፤ ነጩና ቀዩ ጎን ለጎን ቢተከሉ የሚሰጡትን ውበት ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም።

ከውበቱ በላይ የሚከብደው የሥሩ ጉዳይ ነው። ቅጠሉ ወይም አበባው የሚለቀም ተክል ይተርፋል፤ ሥሩ የሚነቀል ተክል ግን ይሞታል። በጊንጪ አጠገብ ያለው የጭሊሞ ደን፣ ከአምቦ በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለው የጅባት ደን፣ በሆለታ አቅራቢያ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ ቀድሞ ሰፊ ከነበረው የደጋ ደን የቀሩ ቁራጮች ናቸው። ዝግባው፣ ጥዱና ወይራው ሲቆረጥ ከሥራቸው ያለው እርጥብ ጥላም አብሮ ይሄዳል፤ እንሶስላም ወደ ገደልና ወደ ወንዝ ዳር ይሸሻል። በዚያ ላይ በበዓል ሰሞን ቁፋሮው አለ። በጭሊሞ ኅብረተሰቡ ደኑን በማኅበር ተደራጅቶ የሚጠብቅበትና የሚጠቀምበት አሠራር ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል፤ እንዲህ ያለ አሠራር ግን ስለ ዛፍ ሲሆን ይጠነክራል፣ ስለ አንድ ሥር ሲሆን ማን ይቆጣጠራል? ቁፋሮውን በትእዛዝ ማስቆም አይቻልም፣ ሠርግም እንሶስላም አይቀሩምና። የሚቻለው ሥሩን ከጓሮ ማግኘት ነው። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በብዙ የገጠር ጓሮ እናቶች ከአጥሩ ሥር አንድ ሁለት ሥር አኑረው ኖረዋል። የጎደለው ልማዱ ከተማ አለመግባቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ አበባነቱ ከታወቀ ፈላጊው በዝቶ ከጫካ የሚነቀለው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም ብሎ ሊሟገት ይችላል። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ በኦርኪድ ላይ በብዙ አገር የደረሰው ይኸው ነው። ልዩነቱ ኦርኪድን ማብቀል ረቂቅ ሙያ መሆኑ ነው፤ እንሶስላ ግን ከተቆረጠ አገዳ ይይዛል። አንድ እናት ተክል በአንድ ክረምት ለጎረቤት ሁሉ የሚበቃ ቁራጭ ይሰጣል፤ እናቱም አትሞትም። ሥርጭቱ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ ከማኅበር ወደ ማኅበር በአገዳ ከተጀመረ ጫካ የሚሄድ ሰው አይኖርም። በ1930ዎቹ መጨረሻ የግብርና ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረው አምቦ ዩኒቨርሲቲ፣ እዚያው ከተማ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም፣ የእናት ተክል መደብ አቋቁመው ቁራጭ ቢያድሉ ሥራው ይቀላል፤ ወጪውም ከባድ አይሆንም።

ሂና በየሱቁ በርካሽ በሚሸጥበት ዘመን እንሶስላ ማን ይፈልጋል የሚሉም አሉ። ሂና መልካም ነው፤ ቀለም የሚሰጠው ላውሶን የተባለ ውሁድ ናፍቶኩዊኖን ከሚባሉት ወገን ነው። የዚሁ ወገን ውሁዶች በእንሶስላ ዘመዶች ውስጥም ይገኛሉ፤ በሕንድና በኮሪያ ጥፍር የሚቀባበት ባልሳም የእንሶስላ የቅርብ ዘመድ ነው። ችግሩ ጥቁር ሂና እየተባለ የሚሸጠው ነው። ቶሎ እንዲጠቁር የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚጨመርበት አለ፤ ይህ ቆዳን ያቆስላል፣ አለርጂውም ዕድሜ ልክ ሊዘልቅ ይችላል። ሙሽራ በሠርጓ ዋዜማ እጇ ቢያብጥ የሚደርሰውን ሐዘን መገመት አያዳግትም። ከገዛ ጓሮ ተቆፍሮ በሙቀጫ የተወቀጠ ሥር ውስጥ ምን እንዳለ ግን እናትየዋ ታውቃለች።

አንድ ጥንቃቄ መነሣት አለበት። የእንሶስላ ዘመድ የሆነው፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ወጥቶ በዓለም ጥላ ጓሮዎች ሁሉ የተሠራጨው ኢምፔሸንስ ዋለሪያና፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በብሪታንያ፣ ከ2011 ወዲህ ደግሞ በአሜሪካ ጓሮዎች በሻጋታ መሰል የቅጠል በሽታ ክፉኛ ተመትቷል፤ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ዱቄት መስሎ ይታያል፣ ከዚያ ቅጠሉ ረግፎ አገዳው ብቻውን ይቆማል። ጉዳቱን ያባባሰው በየመደቡ አንድ ተክል ብቻ ተጨናንቆ መተከሉ ነው። ስለዚህ እንሶስላንም አራርቆ፣ በሁለቱ መካከል ቢያንስ አንድ ክንድ ትቶ፣ ከሌላ ተክል ጋር ቀላቅሎ መትከል ይሻላል። ነጭ ዱቄት የታየበት ተክል ወዲያው ተነቅሎ ይቃጠል እንጂ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይጣል። ከዚህ ሌላ የሚያስቸግረው ቀንድ አውጣ ነው፤ ሰኔ ላይ የሚወጣውን ለጋ ቡቃያ አንድ ሌሊት ውስጥ ይጨርሰዋል። በፋኖስ ወይም በባትሪ ፈልጎ መልቀም፣ በቡቃያው ዙሪያም አመድ መነስነስ ይረዳል፤ ዝናብ ሲያጥበው አመዱ ይደገማል።

ሥሩን ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ሁለት ክረምት ይታገሥ። በኅዳር መጨረሻ አገዳው ሲረግፍ መደቡን በጥንቃቄ ከፍቶ፣ ትልልቁን ሥር ወስዶ፣ ዐይን ያለውን ትንሹን እዚያው መልሶ መቅበር ነው። ከሦስት ሥር ሁለቱን ብቻ ማንሣት፣ በላዩ ላይ የእንሰት ቅጠል ወይም ደረቅ ሣር መጎዝጎዝ፣ ከዚያም የሚቀጥለው የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ውኃ አለማጠጣት ነው። የጥር ሠርግ ላለበት ቤት ኅዳር ላይ የተቆፈረው ሥር በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሊቆይ ይችላል፤ ለጥምቀትም ይደርሳል።